ኢንዶርፊን ምንድነው? ሰውነታችን ራሱ ስለሚሰራው ማስታገሻ እናውራ

ቲክቶክ ላይ ይሁን ቴሌግራም፣ ስለ ጤና የሚያወራ ሰው የሆነ ቦታ ላይ «ኢንዶርፊን» ማለቱ አይቀርም። ሩጡ ኢንዶርፊን ይለቀቃል፣ ሳቁ ኢንዶርፊን፣ ቸኮሌት ብሉ ኢንዶርፊን፣ ሚጥሚጣ ብሉ ኢንዶርፊን፣ ብቻ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ኢንዶርፊን ሆኖ «የደስታ ሆርሞን» የሚል ቅፅል ስም ወጥቶለታል። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ግን ዋናውን ነገር ይደብቃል። ይሄ ኬሚካል የተገኘው ሰዎች ደስታ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልጉ አይደለም፣ ሞርፊን የሚባለው ሀይለኛ ማስታገሻ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የት ላይ እንደሚሰራ ሲፈልጉ ነው። ስራውም በዋናነት ህመምን ማፈን ነው። ደስታው አንዳንዴ አብሮ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ህመም ራሱ እንዴት ነው የሚሰማን?

ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላው ጣታችሁን ቆረጠው እንበል። ቆዳ ስር ያሉት የነርቭ ጫፎች ጉዳቱን ያውቁና በእጃችሁ በኩል እስከ ህብለ ሰረሰር ድረስ መልእክት ይልካሉ፣ እዛ ጋ መልእክቱ ለሌላ ነርቭ ይተላለፋል፣ ከዛ ወደ አንጎል ይወጣል። ቁስሉ ጣት ላይ ነው፣ «አመመኝ» የሚለው ግን አንጎል ነው።

አሁን ህብለ ሰረሰር ላይ ያለችውን መተላለፊያ እንደ ግቢ በር አስቧት፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። ቤት ውስጥ ያለው ባለቤት (አንጎል ማለት ነው) ግን ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ከገጠመው ይደውልና «ለጊዜው ማንንም እንዳታስገባ» ይለዋል። እነ ኢንዶርፊን የሚሰሩት በዚህ ስልክ መስመር ላይ ነው፣ ግማሹ ስራ አንጎል ውስጥ ግማሹ እዛው በሩ ላይ። ቁስሉ አለ፣ መልእክቱም ይመጣል፣ ግን ወይ በሩ ላይ ይቀራል ወይ ተዳክሞ ይገባል።

የዚህ ነገር ትልቁ ማሳያ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጣልያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን እያከመ ማስታገሻ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃቸው ነበር፣ ከአራት ሶስቱ አካባቢ አልፈልግም አሉት። ራሳቸውን የሳቱ ወይም የደነዘዙ ሰዎች አልነበሩም፣ መርፌ የሚወጋቸው ሰው ስር ሲስት እንደማንኛችንም ያማርራሉ። ቢቸር ይሄን በ1946 ሲፅፍ የሰጠው ምክንያት ለወታደሩ መቁሰል ማለት ከሞት ተርፎ ወደ ቤት መሄድ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። ያኔ ኢንዶርፊን የሚባል ነገር ገና አይታወቅም።

ታዲያ እንዴት ተገኘ?

ሰዎች ከፖፒ አበባ የሚወጣውን ኦፒየም ለህመም የሚጠቀሙት ከጥንት ጀምሮ ነው፣ ሞርፊን የሚወጣውም ከሱ ነው። በ1973 ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካንዳስ ፐርት የምትባል ገና ተማሪ የነበረች ተመራማሪና አስተማሪዋ ሰለሞን ስናይደር አንጎል ውስጥ ሞርፊን ልክክ ብሎ የሚገጥምበት ተቀባይ እንዳለ አሳዩ፣ በዛው ዓመት ኒውዮርክ ላይ ኤሪክ ሳይመን፣ ስዊድን ላይ ደግሞ ላርስ ቴሬኒየስ ለየብቻቸው እዛው ላይ ደረሱ። ይሄ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ፣ የሰው ልጅ አንጎል ለአበባ ጭማቂ ብሎ ተቀባይ አዘጋጅቶ ሊጠብቅ አይችልም፣ ስለዚህ ሰውነት ራሱ የሚሰራው የሆነ ነገር መኖር አለበት።

ያንን ነገር ያገኙት ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ናቸው። ሂዩዝ ጠዋት ጠዋት ቄራ እየሄደ የአሳማ ጭንቅላት ይሰበስባል፣ የቄራውን ሰዎች በውስኪ ያባብል ነበር ይባላል፣ አንጎሉን አውጥቶ ይፈጭና ያጣራዋል። ሙከራው ራሱ ደስ ይላል። ከጊኒ ፒግ (ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ ናት) አንጀት ትንሽ ቁራጭ ወስደው ፈሳሽ ውስጥ ያንጠለጥሉና ኤሌክትሪክ ሲነኩት ይኮማተራል፣ ሞርፊን ሲጨምሩበት ዝም ይላል። ከአሳማው አንጎል የተጣራውን ጠብ ሲያደርጉበትም ዝም አለ። ከዛ ናሎክሶን ጨመሩ፣ ናሎክሶን ማለት ሞርፊንን ከተቀባዩ ላይ ገፍትሮ የሚያስለቅቅ መድሀኒት ነው፣ አንጀቱ እንደገና መኮማተር ጀመረ። ስለዚህ ያ ነገር የሚሰራው በሞርፊን መንገድ ነው ማለት ነው። በ1975 ውጤቱን አወጡ፣ ኬሚካሉንም ኢንኬፋሊን አሉት። በቀጣዩ ዓመት ካሊፎርኒያ የሚሰራው ቾ ሃኦ ሊ ከግመል ፒቱታሪ እጢ፣ ማለትም አንጎል ስር ካለችው ትንሽ እጢ፣ ትልቁን ወንድሙን ቤታ ኢንዶርፊንን አገኘ። አዎ ከግመል።

አንድ ነገር ነው ወይስ ብዙ?

ቤተሰብ ነው። ኢንኬፋሊን አለ፣ ቤታ ኢንዶርፊን አለ፣ ዳይኖርፊን የሚባልም አለ፣ ሁሉም ፕሮቲን ከሚሰራባቸው አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉ አጫጭር ሰንሰለቶች ናቸው። እኛ በልማድ ሁሉንም ኢንዶርፊን እንላለን፣ እኔም እዚህ ፅሁፍ ላይ እንደዛ ነው የማደርገው። ግን ስለ ዳይኖርፊን አንድ ነገር እወቁ፣ እሱ የሚይዘው ሌላ አይነት ተቀባይ ነው፣ ያ ተቀባይ ሲነካ ደግሞ ሰው ደስ አይለውም፣ ይከፋዋል፣ ይጨንቀዋል። ስለዚህ «የደስታ ሆርሞን» የሚለው ስም እዚችው ቤተሰብ ውስጥ እንኳን ለሁሉም አይሰራም።

መቼ መቼ ነው የሚለቀቀው?

በመጀመሪያ ደረጃ ስንደነግጥና ስንጎዳ ነው። ፒቱታሪ እጢ ውስጥ አንድ ረዥም ፕሮቲን አለ፣ ጭንቀት ሲመጣ እሱ ይቆራረጥና ከአንዱ ቁራጭ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚያስወጣ ትእዛዝ ይሆናል፣ ከሌላው ቁራጭ ቤታ ኢንዶርፊን ይሆናል። ማለትም የጭንቀቱ ደወልና ማስታገሻው ከአንድ ፕሮቲን አብረው ነው የሚወጡት። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ ጨዋታውን ጨርሶ፣ አብሮ ጨፍሮ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩን መርገጥ የሚያቅተው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ማስታገሻው ለሰአታት ታስቦ የተሰራ ነው፣ አምልጥ፣ ጨርስ፣ ከዛ ቁስልህን ተመልከት ነው የሚለው። ከዛ በላይ ቢቆይማ አደጋ ነው፣ ህመም ጭራሽ ሳይሰማቸው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ፣ በልጅነታቸው ምላሳቸውን ይነክሳሉ፣ ሳያውቁት ይቃጠላሉ፣ በተሰበረ እግር ይሄዳሉ።

ምጥ ላይም በእናትየው ደም ውስጥ ቤታ ኢንዶርፊን ምጡ በገፋ ቁጥር ይጨምራል። ህመሙን ይቀንሳል ማለት ግን ያጠፋዋል ማለት አይደለም፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት «አይዞሽ ኢንዶርፊን አለሽ» ብትሏት የምትመልስላችሁን መገመት አያቅትም።

ሌላው የሚገርመው ተስፋ ነው። በ1978 አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎችን ወስደው ማስታገሻ ሊሆን ይችላል ብለው ምንም መድሀኒት የሌለበት ነገር ሰጧቸው፣ የተወሰኑት ህመማቸው ቀነሰ። ከዛ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ህመሙ መልሶ መጣ። ልብ በሉ፣ ናሎክሶን የሚያግደው የሞርፊን አይነት ነገርን ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ምንም አልተሰጣቸውም፣ ስለዚህ ያስታገሳቸው የራሳቸው ኬሚካል ነበር ማለት ነው። ይሻለኛል ብሎ ማሰብ ባዶ ሀሳብ ሆኖ አልቀረም፣ ያ ስልክ ተደውሏል። ጥሩ ሀኪም እጃችሁን ይዞ ሲያናግራችሁ መርፌውም ቀለል የሚለው በዚህም በኩል ነው። ይሄ ግን ካንሰርን ወይም ኢንፌክሽንን አያድንም፣ የሚነካው ህመሙን ብቻ ነው፣ ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ስላሉ ነው።

ከሰው ጋር አብሮ መሆንም ከዚሁ ይመደባል። ኦክስፎርድ ውስጥ እነ ሮቢን ዳንባር የጀልባ ቀዛፊ ተማሪዎችን ወስደው አንዴ ለብቻቸው አንዴ በቡድን እኩል አሰሯቸው፣ ከዛ ኢንዶርፊን ምን ያህል እንደተለቀቀ ለመገመት የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስረው «በቃ አመመኝ» እስኪሉ ድረስ ነፉት። ስራው ያው ነው፣ በቡድን የሰሩ ቀን ግን በጣም የበለጠ ቻሉ። ሰብሰብ ብሎ ከልብ መሳቅና እኩል መጨፈር ላይም ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። እስክስታ ሲመታ ሌሊቱን ሙሉ በተረከዝ ጫማ የቆመች ሚዜ እግሯ የሚያማት ጠዋት ላይ ነው፣ ይሄን ለማወቅ ኦክስፎርድ መሄድ አያስፈልግም ነበር ትሉ ይሆናል።

ስሮጥ የሚሰማኝ ደስታስ ከሱ አይደለም እንዴ?

እዚህ ጋ ነው ወሬው ከማስረጃው የቀደመው። ለብዙ ዓመት ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ሯጮች ደም ውስጥ ቤታ ኢንዶርፊን መጨመሩ ነበር። ችግሩ ደም ውስጥ ያለው ቤታ ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም፣ አንጎልና ደም መሀል ጥብቅ የሆነ ግድግዳ አለ። በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች 10 ሯጮችን 2 ሰአት አስሩጠው አንጎላቸውን በምስል አይተው እዛው አንጎል ውስጥ እንደሚለቀቅ አሳዩ፣ ጥሩ። ግን በ2021 ሀምቡርግ ላይ 63 ሰዎችን ለ45 ደቂቃ ሲያስሮጡ ለሰዎቹ መጀመሪያ ናልትሬክሶን ሰጧቸው፣ እሱም እንደ ናሎክሶን ኢንዶርፊንን የሚያግድ ነው። ደስታው ከኢንዶርፊን ቢሆን ኖሮ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ሰዎቹ እንዲያም ሆኖ ደስ አላቸው፣ ጭንቀታቸውም ቀነሰ።

አሁን ብዙዎች የሚጠረጥሩት አናንዳማይድ የሚባለውን ነው፣ እሱም ሰውነት ራሱ የሚሰራው የካናቢስ አይነት ኬሚካል ነው፣ በ1992 እየሩሳሌም ውስጥ ነው የተገኘው፣ ወደ አንጎልም በደንብ ያልፋል። ስለዚህ ታላቁ ሩጫ ላይ 10 ኪሎሜትር ጨርሳችሁ ሲያስቃችሁ ሲያስለቅሳችሁ፣ ኢንዶርፊን ጉልበታችሁን ዝም ሲያሰኝላችሁ ቆይቶ ደስታው ግን በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። መሮጥ ለስሜት ጥሩ መሆኑ አልተቀየረም፣ ምክንያቱ ነው የተቀየረው።

በርበሬ፣ ቡና፣ ጫትስ?

በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ምላስ ላይ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ተቀባይ ይነካል፣ ለዛ ነው «አቃጠለኝ» የምንለው፣ ያንን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። አንጎል የተቃጠለ ስለሚመስለው ማስታገሻ ይልካል የሚለው ሀሳብ ያስኬዳል፣ ግን በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ኢንተርኔት ላይ የሚወራውን ያህል አይደለም።

ቡና ሌላ ነው፣ ካፌይን ድካምን የሚነግረንን አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ያግዳል እንጂ ከኢንዶርፊን ጋር አይገናኝም። ጫትም እንደዛው፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን አነቃቂ የአንጎል ኬሚካሎች ነው የሚያስለቅቀው፣ ምርቃናው ከዛ ነው። ሁሉንም ደስታ አንድ ስም መስጠት የሚያሳስተው ለዚህ ነው፣ መንገዳቸው ሲለያይ ጉዳታቸውም ይለያያል።

ከድብርት ጋር ምን ያገናኘዋል?

የተወሰነ ግንኙነት አለ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ይዘው የሚያቆሙ ነርቮች አሉ፣ ኢንዶርፊን እነሱን ያዝ ሲያደርጋቸው ዶፓሚን ይለቀቃል፣ ከህመም ማስታገስ ወደ ደስታ የሚያሻግረው ድልድይ ይሄ ነው። ለረዥም ጊዜ የሚያም በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይም የኢንዶርፊን አሰራር ተዛብቶ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፣ ህመምና ድብርት አብረው የሚመላለሱበት አንዱ ምክንያት እዚህ አካባቢ ነው።

ግን «ኢንዶርፊኔ አንሶ ነው» ብሎ ራስን መመርመር አይሰራም። ክሊኒክ ሄዳችሁ ኢንዶርፊናችሁን ተለክታችሁ ድብርት አለባችሁ የለባችሁም የሚባልበት ምርመራ የለም፣ ደም ውስጥ ያለው አንጎል ውስጥ ያለውን አይነግርም ብለናል። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ የቆየ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምንም ነገር ደስ አለማሰኘት ካለ ሀኪም ጋ መሄድ ነው፣ እንቅስቃሴው ከህክምናው ጋር ይደመራል እንጂ አይተካውም።

ትራማዶልና ኮዴይን ለምን አደገኛ ሆኑ?

እነዚህ የህመም ማስታገሻ መድሀኒቶች፣ ሞርፊንም ፈንታኒልም ጭምር፣ የባለቤቱን ድምፅ አስመስሎ ለዘበኛው የሚደውል ሰው ማለት ናቸው። ዘበኛው ይታዘዛል። ለኦፕሬሽን፣ ለካንሰር ህመም ይሄ ትልቅ በረከት ነው፣ ማንም እንዳያሳፍራችሁ። ችግሩ ባለቤቱ የሚደውለው ሲያስፈልግ ብቻና ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ክኒኑ ግን ቀኑን ሙሉ ይደውላል። ሳምንታት ሲያልፉ ዘበኛው ስልክ መስማት ይሰለቸዋል፣ ተቀባዮቹ ይደክማሉ፣ ያኔ በፊት በአንድ ክኒን የሚቀንሰው ህመም ሁለት ይፈልጋል። በድንገት ሲቆም ደሞ የሰውነት የራሱ ደካማ ጥሪ አይሰማም፣ ሰውየው አጥንቱ ድረስ ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ የለም፣ ይነጫነጫል። ለዛ ነው ለረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው በሀኪም እርዳታ ቀስ እያለ እንጂ በአንዴ አያቁም የሚባለው።

ተቀባዮቹ ደግሞ ህመም ያለበት ቦታ ላይ ብቻ አይደሉም። አንጀት ላይ አሉ (የጊኒ ፒጉን አስታውሱ)፣ እነዚህን መድሀኒቶች የሚወስድ ሰው ሆዱ የሚደርቀው ለዛ ነው። መተንፈስን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ላይም አሉ፣ ገዳዩ ይሄኛው ነው፣ ሰው ከመጠን በላይ ሲወስድ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፣ ትንፋሹ እየዘገየ ይሄድና ይቆማል። ከአልኮል ጋር ሲሆን ይብሳል። ትራማዶል በተጨማሪ እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ያ አንጀቱን የቀሰቀሰው ናሎክሶን ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በአፍንጫ የሚነፋ ሆኖ ያለ ሀኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሸጣል፣ በነዚህ መድሀኒቶች ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ሊመልስ የሚችል ነው፣ እዛ ያላችሁ ቤት ውስጥ ማስቀመጡ አይከፋም።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮዴይን ራሱ ብዙም አያስታግስም፣ ጉበት ውስጥ ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሰራው፣ ትራማዶልንም እሱ ነው ጠንከር ወዳለው መልኩ የሚቀይረው። የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከተለመደው በላይ ደጋግመው የያዙ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ለውጡ በጣም ይፈጥናል፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለነሱ ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። ስዊድናውያን ላይ ይሄ ከ100 ሰው አንድ ሁለቱ ላይ ነው የሚገኘው። በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 ከመቶው ላይ ተገኘ። ሁላችንም ነን ማለት አይደለም፣ ግን ብዙ ነን። የአሜሪካ የመድሀኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በ2017 ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አሜሪካም ሁኑ እስራኤል ወይ አውሮፓ፣ ጥርስ ነቅላችሁ ወይ ወልዳችሁ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ከታዘዘላችሁ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ይሄ ኢንዛይም በኛ ላይ ሊፈጥን ይችላል፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። ቅር የሚለው ሀኪም አይኖርም፣ ምርመራውም አለ። ለልጅ የሚሰጥ የሳል ሽሮፕም ከሆነ ኮዴይን ይኖርበት እንደሆነ ጀርባውን አንብቡ።

ኢንዶርፊን የሚጨምር እንክብል አለ?

የለም። አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ስለሆነ ብትውጡት ሆድ እንደ ጥብስ ይፈጨዋል፣ በመርፌ ቢገባም ያ ግድግዳ አለ። «ኢንዶርፊን ቡስተር» ብሎ ኦንላይን የሚሸጥላችሁ ሰው ምን ውስጡ እንዳስገባ እሱ ይወቀው፣ ኢንዶርፊን ግን አይደለም።